በማመንጫው ግቢ የተነቀለው ችካል

ሬሳው ከተገኘ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ በድሮው የኃይል ማመንጫ ግቢ ውስጥ ግን ስለ አሟሟቱ የሚባለው ሁሉ ተብሎ አልቆ ነበር። ሽማግሌው አርጅተዋል፣ ብረቱም አርጅቷል፣ ረገጡት፣ ከዳቸው፣ ወደቁ። መርማሪዋ ከመኪና ወርዳ ቦታው እስክትደርስ ይህንኑ ፍርድ ከሦስት ሰው አፍ ሰማች። ለሦስቱም አንድ መልስ ሰጠች።

«ቆይ» አለች።

በዚህች ቃል የተነሳ የሥራ ባልደረቦቿ «እትዬ ቆይ» ይሏታል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው ግዙፉ ረዳቷ፣ «እሷ ዘንድ ፀሐይ ብትወጣ እንኳ ‹ቆይ፣ ማን አይቷት?› ነው የምትለው» እያለ ያማታል። የሚያማት ፊት ለፊቷ ስለሆነ አትቀየመውም።

ግቢው ከውሃው ዳር የተዘረጋ ሰፊ መሬት ነው። ማመንጫው ከተዘጋ አሥራ አራት ዓመት ሆኖታል። አሁን አፍርሰው መኖሪያ ቤትና መናፈሻ ሊሠሩበት ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥረውታል፤ ቆርቆሮው ላይ ሊሠራ የታሰበው ሰፈር በትልቁ ተስሏል። በሥዕሉ ላይ ያለው ውሃ ሰማያዊ ነው፣ ከአጥሩ ጀርባ ያለው ደግሞ የሻይ ቅራሪ ይመስላል። ከአዲሶቹ ቤቶች የመጀመሪያው ረድፍ ለድሮ ሠራተኞች ቤተሰቦች እንዲሰጥ ስምምነት ተፈርሟል።

ሟቹ የማመንጫው የመጨረሻው የተርባይን ክፍል አለቃ ነበሩ። በትክክለኛ ስማቸው የሚጠራቸው ሰው አልነበረም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ እንፋሎት» ይላቸው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በሠሩበት ቤት፣ ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ድሮ ይገባበት በነበረው ጉድጓድ ወለል ላይ በጀርባቸው ተንጋለው ተኝተዋል። ጉድጓዱ አሁን ደርቋል፤ ጥልቀቱ የሁለት ፎቅ ያህል ነው። አፉ በብረት ፍርግርግ የተሸፈነ ነው፤ ፍርግርጉም እያንዳንዱ የበር ስፋት ያለው ሰባት ክፍል አለው። ስድስተኛው ከሳቸው ጋር ወርዶ አጠገባቸው ወድቋል።

መርማሪዋ በመሰላል ወረደች። ከመውረዷ የሽማግሌውን ፊት አየችና ቀና ብላ ከላይ የቆመውን የልማቱን ሥራ አስኪያጅ ጠራችው። ወጣት አይደለም፣ ሽማግሌም አይደለም፤ ጫማው ግን ለዚህ አቧራ የተሠራ አልነበረም።

«መነጽር ያደርጉ ነበር?»

«ለማንበብ ብቻ። ስብሰባ ላይ ወረቀት ሲያነሱ ያጠልቁታል፣ ቀና ሲሉ ያወልቁታል። በሱ ሩቅ አይታያቸውም።»

«አሁን ግን ጆሯቸው ላይ ነው ያለው። አንዱ መስታወት ተሰብሯል» አለችና ኪሳቸውን ፈተሸች። መሃረብ፣ የቤት ቁልፍ፣ እርሳስ። በጉድጓዱ ወለል ላይ ዞረች። የሞተ እርግብ ካልሆነ በቀር ምንም አልነበረም። «ታዲያ ሲወድቁ እያነበቡት የነበረው ወረቀት የት ሄደ?»

ሥራ አስኪያጁ ከላይ ሆኖ ወለሉን በዓይኑ ፈተሸ።

ወደ ላይ ወጥታ የወደቀውን ፍርግርግ ይዞት የነበረውን ጠርዝ ተንበርክካ አየች። ብሎኖቹ የገቡባቸው አራት ቀዳዳዎች ንጹሕ ናቸው፤ አልተበጠሱም፣ አልተቀደዱም። አጠገቡ ከግድግዳው ወጣ ባለች እርከን ላይ አራት ብሎኖች በመስመር ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ዳዶው መልሶ ጠልቆለታል።

«አፍራሾቻችሁ ናቸው የፈቱት?»

«አፍራሾቹ እዚህ ቤት ገና አልደረሱም። ደግሞም እነሱ ብሎን አይፈቱም፤ በእሳት ነው የሚቆርጡት። ለብሎን ማን ጊዜ አለው?»

«አንድ ሰው ነበረው» አለች መርማሪዋ።

ረዳቷ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንግዲህ ዛሬ ምሳ የለም ማለት ነው።»

መጀመሪያ የሄደችው ወደ በሩ ነው። ዘበኛው ማመንጫው ሳይዘጋ ጀምሮ በዚያው በር ላይ ያረጀ ሰው ነው። ግቢው እጅ ሲቀያየር እሱም ከበሩ ጋር አብሮ የተሸጠ ይመስል ማንም አላነሳውም። ከወንበሩ ሊነሳላት ሲሞክር በእጇ መለሰችው። ፊቱ በለቅሶ አብጧል።

«አንቺ ልጄ፣ እስቲ ይቺን ክፈችልኝ» ብሎ የውሃ ኮዳውን ዘረጋላት። የሁለት እጁ ጣቶች እንደ ደረቀ ሥር ተቆላልፈው ነበር። «ቁርጥማቱ ከያዘኝ ሰባት ዓመት ሆነው። እስክሪብቶ ግን ይታዘዘኛል።»

ከፈተችለት። ጠጣ። ጠረጴዛው ላይ የገቢና ወጪ መዝገቡ ተዘርግቷል። ለዛሬ ጠዋት የተጻፈው ሁለት መስመር ብቻ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ አንድ ሰዓት፣ አፈር አጥኚው አንድ ሰዓት ከሩብ። መርማሪዋ ሁለቱን መስመር ደጋግማ አነበበች።

«ከነዚህ ሌላ ዛሬ እንግዳ ገብቷል?»

«እንግዳ? አልገባም።»

«ጋሽ እንፋሎትስ በስንት ሰዓት ገቡ?»

«አሥራ ሁለት ተኩል ላይ። ‹ደህና አደርክ ወይ መዝጊያው› ብለውኝ አለፉ። እንደወትሯቸው አልነበሩም፣ ሆዳቸው ውስጥ አንድ ነገር ነበር።»

«ብሎንና ዳዶ አጋጥሞ መደርደር የማን ልማድ ነው?»

ዘበኛው በእንባው መሃል ፈገግ አለ። «የሳቸው ሕግ ነዋ። ‹ዳዶ ከብሎኑ አይለይም› ይሉ ነበር። ፈትቶ ሳያጋጥም ያስቀመጠ ሰው ለክፍሉ በሙሉ ሻይ ይከፍላል። እዚያ ቤት ያደገ ሠራተኛ ዛሬ የቤቱን በር ማጠፊያ ሲፈታ እንኳ እንደዚያው ነው የሚያደርገው። እጅ አይረሳማ።»

ከዚያ ሳትጠይቀው አንድ ነገር ነገራት። ባለፈው ሳምንት ጋሽ እንፋሎት መጥተው የድሮ መዝገቦችን ከሳጥን አስወጥተዋል፤ የዛሬ ሃያ ስምንት ዓመቱን መርጠው ግማሽ ቀን ሲያገላብጡ ቆይተው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይሉ ሄደዋል። መርማሪዋ መዝገቡን ተቀበለች። አንድ ገጽ ጠርዙ ታጥፏል። በዚያ ቀን ከግቢው የወጣ መኪና አንድ ብቻ ነው፤ «የጭነት መኪና፣ ባዶውን ወጣ» ይላል።

አፈር አጥኚው ሬሳውን ያገኘ ሰው ነው። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሠራተኞቹ በሚተክለው እንጨት ስም «ችካል» ይሉታል።

«ሁለት ሰዓት ላይ ነው ያገኘኋቸው። አራት ሰዓት ቀጠሮ ነበረን፣ ቀድመው እንደመጡ ዘበኛው ስለነገረኝ ፈለግኳቸው።»

«የምን ቀጠሮ?»

«የቁፋሮ። ግቢው ላይ ስልሳ ችካል ተክያለሁ፣ አፈሩ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን በየቦታው ቆፍረን እናያለን። ትናንት ከሰዓት አብረውኝ ዞሩ። በውሃው ዳር፣ በምሥራቁ ጥግ ሲደርሱ ቆሙና፣ ‹እዚህ ትከል፣ ነገ መጀመሪያ እዚህ ነው የምትቆፍረው› አሉኝ። ከሥሩ ምን አለ ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹ነገ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ይነገራል፣ እኔ ብቻ አይደለሁም የምናገረው› አሉ።»

«‹እኔ ብቻ አይደለሁም›?»

«እንደዚያ ነው ያሉት። አልገባኝም።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለሥራ አስኪያጁ። አልተደሰተም። መሬቱ ቆሻሻ ከተገኘበት ሥራው ስንት ዓመት እንደሚቆም ማን ያውቃል?»

«እስቲ ችካሉን አሳየኝ።»

ምሥራቁ ጥግ ከሌላው ግቢ ይለያል፤ አፈሩ ለስላሳ ነው፣ የድሮ መደብ ቅርጽ አሁንም ይታያል። አፈር አጥኚው ችካሉን አየው፣ ሜትሩን ዘረጋ፣ ማስታወሻውን አየ፣ እንደገና ለካ።

«ቦታው ይሄ አይደለም። አሥራ ሁለት ሜትር ወደ ላይ ሄዷል።»

መርማሪዋ እግሯን እያነሳች በቀስታ ወደኋላ ሄደች። በተባለው ቦታ አንድ ቀዳዳ በአፈር ተሞልቶ፣ ላዩ ላይ ከነሥሩ የተነቀለ ሣር ተተክሎበት ነበር። ሣሩ መጠውለግ ጀምሯል።

«አትክልተኛ ነው ያደረገው» አለ ረዳቷ።

«ወይም አትክልተኛ አብሮት የኖረ» አለች። «እዚህ መደብ ላይ ምን ይበቅል ነበር?»

መልሱን ያገኘችው ከሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢው የድሮ ሠራተኞች ኮሚቴ መሪ ነው። ስድስት ዓመት በየቢሮው እየተንከራተተ ያንን የቤት ስምምነት ያስፈረመው እሱ ነው። ለጋሽ እንፋሎት ደግሞ የሚስታቸው ወንድም ነው። በኮሚቴው ክፍል ውስጥ ሰዎችን እያጽናና፣ ስልክ እያነሳ፣ ለቀብሩ ሰው እያዘዘ አገኘችው። ዓይኑ ቀልቷል።

«እኅቴን ድሬለት ወንድሜ ሆነ» አላት። «አርባ ዓመት። አንድ ምሳ ዕቃ ነበር የምንበላው፣ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ፤ ነፋሻ ናት።»

«እኅትዎስ?»

«ከሞተች አሥራ ሰባት ዓመት ሆናት። ሁለት ዓመት ታመመች፣ ሐኪሞቹ ከምን እንደመጣ ሳያውቁት በአርባ ሦስት ዓመቷ ሄደች። የምሥራቁን ጥግ ድርጅቱ ለሠራተኛ ቤተሰብ ለጓሮ አትክልት ሰጥቶ ነበር፤ ግማሹን ያለማችው እሷ ናት። ጎመን ትላለሽ፣ ካሮት ትላለሽ።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ሁለት ሰዓት አልፎ ጩኸት ስሰማ ነው የመጣሁት። ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እኔን ከመጠየቅ ያንን ባለ ሱፍ ሥራ አስኪያጅ ጠይቂው። ቁፋሮውን የሚጠላ እሱ ነው። እኔማ ቆፍሩ ብዬ በደብዳቤ የጠየቅኩ ሰው ነኝ።»

እውነት ነበር። ደብዳቤው ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

የሟቹ ልጅ አስተማሪ ናት። እናቷ ስትሞት አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ አባቷ የማታ ፈረቃ ሲገቡ የምታድረው እዚያው መንገድ ላይ ካለው ከአጎቷ ከሰብሳቢው ቤት ነበር። መርማሪዋ ከቤቷ በረንዳ ላይ አጠገቧ ተቀመጠች። ሌላው ሰው የሚያጣድፈውን ሐዘንተኛ እሷ አታጣድፍም። ልጅቷ ራሷ ጀመረች።

«ከሳምንት በፊት አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። ‹በስልክሽ ፎቶ አንሽልኝ› አለኝ። ምንድነው ስለው፣ ‹አሁን አትጠይቂኝ› አለ።»

ፎቶው የድሮ የማስረከቢያ ወረቀት ነው። ሃያ ሁለት በርሜል የተቃጠለ የትራንስፎርመር ዘይት፣ «መርዛማ» የሚል ማኅተም ያለበት፣ በጭነት መኪና ከግቢው ወጥቶ ወደ ማስወገጃ ቦታ እንደተላከ ይገልጻል። ቀኑ በዘበኛው መዝገብ ላይ ጠርዙ የታጠፈው ቀን ነበር። ከግርጌ «ያስረከበው ኃላፊ ስምና ፊርማ» ይላል። በስሙና በፊርማው ላይ የሽማግሌው አውራ ጣት አርፏል።

«ጣቱን እንዲያነሳ አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት። ‹እንደዚሁ ይሁን› አለኝ። ትናንት ማታ ደግሞ ደወለ። ‹ሰውን በአደባባይ ከማዋረድ በፊት ዕድል ይሰጠዋል፤ ጠዋት ራሱ እንዲናገር እለምነዋለሁ› አለኝ። ማንን እንደሆነ አልነገረኝም።»

መርማሪዋ ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የልጅቷን ፊት አየች፤ ቀድማ ልትነግራት ፈልጋ ተወችው። ገና ያልተረጋገጠ ነገር እንኳን ለሐዘንተኛ ለደስተኛም አይነገርም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በድሮው የመቆጣጠሪያ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ግድግዳው በሞቱ ሰዓቶችና በቆሙ ጠቋሚዎች ተሞልቷል። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ቀረ። አፈር አጥኚው ጥግ ያዘ። ዘበኛውን ደግፈው አስቀመጡት። ሰብሳቢው የእኅቱን ልጅ እጅ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ረዳቷ በሩን ዘግቶ ተደገፈው፤ እሱ የተደገፈው በር ደግሞ ቁልፍ አያስፈልገውም።

«ጋሽ እንፋሎት አልወደቁም» ብላ ጀመረች። «የቆሙበት ወለል ተነሥቶባቸው ነው። አራቱ ብሎኖች በእጅ ተፈትተዋል፤ ፍርግርጉ በአንድ ወገን ጠርዝ ብቻ ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል። ቀና ብሎ የሚሄድ የድሮ ሠራተኛ ይህን ሳያይ አያልፍም። እሳቸው ግን አላዩም፤ ሩቅ የማያሳየውን የንባብ መነጽር አድርገው ነበር። እያነበቡ ነበር ማለት ነው። ወረቀቱ ግን የለም። ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ወረቀቱም አብሯቸው ይወድቅ ነበር። ስለዚህ ወረቀቱን የሚያነቡለት ሰው ፊታቸው ነበር። ያ ሰው ወረቀቱን ይዞ ወጥቷል።»

«እኔን ልትይ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ከጠዋት ጀምሮ ሁሉም የሚያየኝ እንደዚያ ነው።»

«ቆይ። አንተን መጀመሪያ ጠርጥሬህ ነበር። ነገር ግን ገዳዩ ብሎኖቹን ፈትቶ እያንዳንዱን ከዳዶው ጋር አጋጥሞ ደርድሯል። ሊገድል እየተዘጋጀ እንኳ እጁ የለመደውን አደረገ። ያ ልማድ የዚህ ቤት ሠራተኛ ልማድ ነው። አንተ ‹ለብሎን ማን ጊዜ አለው› ያልክ ሰው ነህ። ሁለተኛው ችካሉ ነው። አንድ ቦታ እንዳይቆፈር ብትፈልግ ከቢሮህ ሳትነሣ ከፕላኑ ላይ ትሰርዘዋለህ፤ በዚህ ጫማ ሄደህ እንጨት አትነቅልም፣ ቀዳዳውንም በሣር አትሸፍንም። አሥራ ሁለት ሜትር ያራቀው ሰው ከመሬቱ ሥር ያለው ነገር የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ያውቃል።»

«እኔስ?» አለ አፈር አጥኚው በቀጭን ድምፅ።

«አንተ ችካሉ መነቀሉን የነገርከኝ ነህ። ዝም ብትል ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?»

ዘበኛው አንገቱን ደፋ። «የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ የኮዳ ክዳን መክፈት ያቃትዎ ሰው ነዎት፣ አባቴ። አሥራ አራት ዓመት የዛገ ብሎን አይፈቱም።» ከዚያ ወረቀቱ ምን እንደሚል ነገረቻቸው። በወረቀቱ ሃያ ሁለት በርሜል መርዝ ተጭኖ ወጥቷል፤ በበሩ መዝገብ ግን በዚያ ቀን የወጣችው ብቸኛ መኪና ባዶዋን ነበረች። «በርሜሎቹ አልወጡም። እዚሁ ናቸው፤ ችካሉ ከተነቀለበት ቦታ ሥር። ጋሽ እንፋሎት ይህንን ባለፈው ሳምንት አወቁ። አንድ ነገር ግን ሲያስቸግረኝ ዋለ። ወረቀቱን ልጃቸው ፎቶ ስታነሳ ስሙን በጣታቸው ሸፈኑት። እንግዳ ሰው ቢሆን ምን ይሸፍኑታል? አባት ከልጁ የሚደብቀው፣ ልጁ የምትወደውን ሰው ስም ነው።»

የልጅቷ እጅ አሁንም በአጎቷ እጅ ውስጥ ነበር።

ሰብሳቢው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ቤቴ ነበርኩ ብያለሁ። መዝገቡን እዩ፣ ስሜ የለበትም።»

«እውነት ነው፣ የለበትም» አለች መርማሪዋ። «የጋሽ እንፋሎትም ስም የለበትም። እሳቸው ግን በዚያ በር ገብተዋል፣ ሞተውም ተገኝተዋል። ያኔ ነው የገባኝ። አባታችን የሚመዘግቡት እንግዳን ነው፤ የቤት ሰው አይመዘግቡም። እኔም በስህተት ‹እንግዳ ገብቷል ወይ› ብዬ ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም እውነቱን መለሱልኝ። አሁን እንደገና ልጠይቅዎ። ዛሬ ጠዋት በዚያ በር ከቤት ሰው ማን ማን አለፈ?»

ዘበኛው ሰብሳቢውን አየው። ሲያየው የገባው ነገር ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ወጣ፤ እሳት እንደነካው ሰው ወደኋላ አፈገፈገ።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እሱ ገባ» አለ። «‹የስብሰባውን ቦታ ላዘጋጅ ነው› አለኝ። ቀጥሎ እሳቸው። ከዚያ እሱ ብቻውን ወጣ። ‹ጋሼን ተዋቸው፣ ትንሽ ብቻቸውን መሆን ፈልገዋል› አለኝ። እኔ ደግሞ አመንኩት። ምን ብዬ አላምነው?»

ልጅቷ እጇን ሳብ አድርጋ አወጣች። ሌላ ምንም አላደረገችም።

ሰብሳቢው ባዶ የቀረ መዳፉን ለጥቂት ጊዜ ተመለከተ። ሲናገር ድምፁ የስብሰባ ድምፅ አልነበረም።

«ያኔ የግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ። መኪናዋ በርሜሎቹን ጭና መሄድ ነበረባት። እኔ ደግሞ ቤቴን እየሠራሁ ነበር፤ ድንጋይ የማመላልስበት አጣሁ። አንድ ቀን ብዬ ለድንጋዩ ላክኳት። በርሜሎቹን በቆፋሪ መኪና ምሥራቁ ጥግ ላይ አስቀበርኩና ወረቀቱን ፈረምኩ። በኋላ አወጣቸዋለሁ ብዬ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ድርጅቱ ያንን ጥግ ለአትክልት ሰጠው።»

«ያኔ ለምን አልተናገሩም?»

«አንድ ቀን ዝም ካልሽ በሁለተኛው ቀን የምትናገሪው ሁለት ነገር ይሆናል። አሥር ዓመት ዝም ካልሽ ደግሞ...» አልጨረሰውም። «ቆፍሩ ብዬ ደብዳቤ የጻፍኩት የኮሚቴው ሰው ስላስገደደኝ ነው። ስልሳ ጉድጓድ ነው፣ ያልፈዋል አልኩ። እሱ ግን ያኔ ጥጉ መቆፈሩን አስታውሶ ደርሶበት ኖሮ ትናንት ጠራኝ፤ ችካሉን የት እንዳስተከለም ነገረኝ። ‹ጠዋት ራስህ ተናገር፣ እኔ ከጎንህ እቆማለሁ› አለኝ። በአግዳሚያችን እንገናኝ አልኩት። ወረቀቱን አውጥቶ ‹ይህ ፊርማ ያንተ ነው?› አለኝ። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እያለቀሰ ነው የጠየቀኝ። ‹እስቲ ቀረብ ብለህ አሳየኝ› አልኩት። ወረቀቱን እንደያዘ መጣ፤ ጫፉን ስይዝ ፍርግርጉ ከዳው፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ቀረ።»

ረዳቷ ከበሩ ተነሣ። ሰብሳቢው ሲወጣ ወደ እኅቱ ልጅ አልዞረም፤ እሷም አልጠራችውም።

ቁፋሮው በማግስቱ ተጀመረ። ሁለት ሜትር ሳይወርዱ የመጀመሪያው በርሜል ወጣ፤ ጎኑ ተበልቶ ወንፊት ሆኗል፣ ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁርና ቅባታም ነው። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ አስቁሞ ግቢውን አዘጋ። የድሮ ሠራተኞች ከአጥሩ ውጭ ቆመው ያያሉ። ስድስት ዓመት ቤት ያስገኘልን ሲሉት የነበረውን ሰው ስም የሚያነሳ ግን አልነበረም። አንዲት ሴትዮ ብቻ፣ «በዚህ ላይ ነበር የልጅ ልጆቼን ሊያስተኛልኝ የነበረው?» አለች።

የሟቹ ልጅ ከሰዎቹ ተለይታ ወደ መርማሪዋ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። አላለቀሰችም።

«ቃሉን ሲሰጥ አብረውት ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ።»

«አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። እናቴ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከዚህ መደብ ዘንቢል ሞልታ ትልክለት ነበር። ይዤለት የምሄደው እኔ ነበርኩ። በሩ ላይ ተቀብሎኝ ግንባሬን ይስመኛል፣ ‹እኅቴ ትባረክ› ይላል። ሰባት ዓመት ሙሉ።» ወደ ተቆፈረው መደብ አየች። «ይበላው ነበር?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ ራሷ ጠይቃው ነበር። መልሱንም ጽፋዋለች። ለዚህች ሴት የሚቀላት ውሸቱ እንደሆነ ታውቃለች፤ ግን ይህች ሴት ከልጅነቷ ጀምሮ የተመገበችው ውሸት ይበቃታል።

«አይበላውም ነበር» አለቻት። «አንቺ መንገዱን እስክታቋርጪ ጠብቆ ውሃው ውስጥ ይደፋው ነበር።»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። ቆፋሪው መኪና ሁለተኛውን በርሜል ሲያነሳ ጥቂት ቆማ አየች። ከዚያ በመንገዱ ወደ ላይ ሄደች። የአጎቷ ቤት ጋ ስትደርስ በድንጋይ የተሠራውን ግድግዳ ሳታይ ወደ ሌላው ወገን ተሻገረች።